ድፍርስ

ሥራዬ ውሃ ነው፤ የገፈርሳን ሐይቅ
በጠርሙስ ቀድቼ ጥራቱን መጠየቅ።
የድፍርሱን ቁጥር፣ በሰማያዊ ቀለም፣
መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ሌላ ጣጣ የለም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነው።
ቅዳሜ ቡራዩ፣ ከኮንቴይነሩ ደጅ፣
ሌንጮ ጎማ ይነፋል፤ «እትዬ፣ ነይ እንጅ!»
ያገለገለች ብስክሌት፣ ቀለሟ የተላጠ፣
ማርሿ ሦስተኛው ላይ እንደ በቅሎ እምቢ ብሎ ያፈጠጠ፤
በሁለት ወር ደሞዝ፣ በአርባ አራት ዓመቴ
የገዛኋት ዕለት ሳቀችብኝ እናቴ፦
«ሽበትሽ በነፋስ ይጠቁር መስሎሽ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሽቅቡን ስንወጣ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣
ሳንባዬ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል።
ሌንጮ አይደክመውም፤ ወሬ ያወራኛል፣
የየኩርባውን ስም ይቆጥርልኛል፦
ይሄ «አህያ እምቢ»፣ ያኛው «ይማርሽ»፣
ከጥዱ በታች ደግሞ «ጥርስ አውልቅ» — እሱን ሲደርስ ያሳይሽ!
«ስሙን ማን አወጣው?» «የወደቀው ነዋ።
እዚህ ስም የሚወጣው ደም ከወጣ ኋላ።»

ከላይ ሆነን ስናይ
ሐይቁ ታች ተኝቷል፣ ሰው ጥሎት የሄደው መነጽር መሳይ።
«ፍሬኑን እርሺው» አለኝ፤ «ፍሬን የፈሪ ነው፤
ጎማ የሚስተው እጅ ሲጨብጠው ነው።»

ወረድኩ።
ሥር ዘለልኩ፣ ድንጋይ ዘለልኩ።
የሰኔ ዝናብ ያላላው ቀይ አፈር
ከጎማዬ ተነሥቶ ጀርባዬ ላይ ሲሰፍር
መዝገብ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ዕድሜ የለ፤
አንድ ጩኸት ካፌ ወጣ፣ ጫካው ተቀበለ።

ጥርስ አውልቅ ላይ ግን ሽማግሌ ቆሟል፣ መንገዱ መሐል።
ጨበጥኩ ፍሬኑን።
ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው።

ጋሽ ቱፋ፣ የደኑ ጠባቂ፣ ዶማቸውን ተደግፈው
«ተረፍሽ?» አሉኝ። እኔን ሳይሆን ጎማዬ የጫረውን መሥመር አይተው
«አምና ይሄ መንገድ ያንድ እግር ስፋት ነበር፤
ዘንድሮ ቦይ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ በናንተ ፋና ይሮጣል።
ይዞት የሚወርደው አፈር
የት የሚደርስ ይመስልሻል?»

ሌንጮ ጉሮሮውን ጠረገ።
እኔ ምንም አላልኩም። የት እንደሚደርስ
ካገር ሁሉ የማውቅ እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሴን በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት።
ቀይ ነው። «ሰኔ መቼም ይደፈርሳል» አልኩ፤ ዓይኔን ዝቅ አደረግኩት፦
ጫማዬ ተረከዝ ላይ የደረቀ ጭቃ፤
ያው ቀለም፣ ያው አሸዋ፣ ያው ድቃቂ ደቃቃ።
ማጣሪያው ይይዘዋል፣ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፤
ኮልፌ ድረስ ጠርቶ ነው የሚሄደው።
ግን ያን ዕለት መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ቁጥር
ፊርማዬን መሰለኝ።

በሳምንቱ ዶማ ይዤ መጣሁ። ብስክሌቷን
ግድግዳ ላይ ሰቅያት ነበር፣ እስከ መስከረም።
ሌንጮ አጉረመረመ፦ «ብስክሌተኛ ነን ወይስ ቦይ ቆፋሪ?»
ግን ቆፈረ።
ጋሽ ቱፋ ድንጋዩን በአግድም ማስተኛት አሳዩን፣
ጎርፉ ተጋጭቶ ወደ ሣሩ እንዲዞር፣ እንዲሰክን።
አንዱን ሠርተን ሌላው ይናዳል። ነሐሴ እንዲህ አለፈ።
የጠርሙሱ ቁጥር ቀነሰ? ትንሽ። ምናልባት ዝናቡ ነው የቀነሰው።
ሐይቅ ምስጋና አይጽፍም።

ጳጉሜን ሁለት፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ስናስተኛ
«ስም ይውጣለት» አልኩ። ሌንጮ መዳፉን ዘረጋ፤
ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ነበር።
«ይኸው ደም» አለ፣ እየሳቀ።

ስሙን ያወጡት ጋሽ ቱፋ ናቸው፦ «ቀስ በይ»።
ለኔ ይሁን፣ ለብስክሌቷ፣ ወይስ ለጎርፏ፣
አልጠየቅኋቸውም።